የቫልቩ ፎቶ

የከተማው ምክር ቤት፣ ጥርስ እንዳይበላ ተብሎ የሚጨመረው ፍሎራይድ ከመጠጥ ውሃ ይውጣ ብሎ በአንድ ድምፅ ብልጫ በወሰነ ማግስት፣ ሐሳቡን ያቀረበው ወጣት የምክር ቤት አባል ፎቶ አንሺ አስከትሎ የውሃ ማጣሪያው ድረስ መጣ። ስንት ጊዜ ለጉብኝት ተጠርቶ ብቅ ብሎ አያውቅም፤ ለመዝጋት ሲሆን ጊዜ አዲስ ሄልሜት አድርጎ ከች አለ። የፍሎራይዱን ቫልቭ የዘጋው ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መጠኑን ሲለካ የኖረው የማጣሪያው ሠራተኛ ዱዌይን ነበር። ፊቱን አጨፍግጎ ዘጋው።

“በቃ! ከእንግዲህ ልጆቻችን እግዜር የሰጠውን ንጹሕ ውሃ ይጠጣሉ” አለ ወጣቱ፣ ለካሜራው ሲል እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ። “ምነው ዱዌይን፣ ሰው የሞተብህ መሰልክ እኮ! እስቲ ፈገግ በል።” እዚሁ ከተማ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ጥርሱ እንደ ወተት ነጭ፣ አንድም የተበላ የለበትም።

ዱዌይን ጓንቱን አወለቀ። ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ የላይኛውንም የታችኛውንም ሰው ሠራሽ ጥርሱን አወጣና በተዘረጋው መዳፍ ላይ አስቀመጠለት።

“እግዜር የሰጠውን የጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ያደገው እኔ ነኝ” አለ፣ በባዶ ድዱ እየተኮላተፈ። “አንተ ያደግከው እኔ ለክቼ በላክሁልህ ውሃ ነው። በል እንግዲህ፣ ለሁለታችንም ፈገግ በልላቸው።”