ናፊያን ሰባት ጊዜ ያሸነፋት ተጫዋች

«ሌባ ነህ! ወላሂ ሌባ ነህ!»

ናፊያ በንዴት ይህን ጽፋ ለአንድ ተጫዋች ላከችለት።

ናፊያ ሐረር፣ ፈረስ መጋላ አካባቢ የስልክ ዕቃ ትሸጣለች። ገበያ ሲቀዘቅዝ ኦንላይን የጦርነት ጨዋታ ትጫወታለች። ካርታ ላይ ጦር ታሰፍራላችሁ፣ የሚያዋስናችሁን ግዛት ታጠቃላችሁ፣ ሁሉን የያዘ ያሸንፋል።

እኛ የሐረር ተጫዋቾች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። እሷን የሚችላት አልነበረም...

«ኒቆ» የሚባል ሰው እስኪመጣ ድረስ።

ሰባት ጊዜ ተከታትሎ አሸነፋት!

ሁሌም በአንድ መንገድ። እሷ ድንበሯን በሙሉ በጦር ታጥራለች... እሱ ከካርታው ወዲያኛው ጫፍ፣ ከአንዲት ደሴት ተነስቶ ዋና ከተማዋ ላይ ዱብ ይላል!

«አይዋሰኑም እኮ! እንዴት ገባህ?»

«ሕጉን አንብቢው» ብቻ አላት።

ይሄ ይባስ አናደዳት። ግሩፑ ላይ ወጥታ «ኒቆ አጭበርባሪ ነው። ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ!» አለች።

አስወጣሁት።

አዎ... አድሚኑ እኔ ነኝ። እሱን አንዲት ጥያቄ እንኳን አልጠየቅኩትም።

«ግን ማስረጃ አለሽ?» አላት ሪድዋን የሚባል አንድ ተጫዋች።

«አመጣለሁ!»

ናፊያ ደግሞ ከያዘች አትለቅም። ካርታው ሥር በደቃቅ እንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር አለ... ማናችንም አንብበነው አናውቅም። እሷ እያጎላች፣ የማታውቀውን ቃል እየፈለገች፣ መስመር በመስመር ደብተር ላይ ገለበጠችው። ሳምንት ፈጀባት።

አራተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ደነገጠች።

«መልህቅ ያለበት ደሴት፣ መልህቅ ያለበትን ማንኛውንም ከተማ ማጥቃት ይችላል። መዋሰን አያስፈልግም።»

እሱ የሚነሳባት ደሴትም ዋና ከተማዋም ላይ ትንሽዬ የመልህቅ ምልክት ነበረች... ጌጥ መስላት ነበር!

ደወለችልኝ። «የሰው ስም አጥፍቻለሁ። በጽሑፍ አይሆንም፣ ፊቱ ቆሜ ነው ይቅርታ የምጠይቀው።»

ቁጥሩ ስለነበረኝ ደወልኩ። ሴት አነሳች። ዕፀገነት ትባላለች። «የአባቴ ስልክ ነው» ብላ ሐኪም ጋራ ሰፈር ያለውን ቤታቸውን ነገረችኝ።

አባቴ? እኛ የጠበቅነው ጎረምሳ ነበር...

ስንደርስ ጋሽ ኒቆዲሞስ የልጃቸውን ትከሻ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው።

ዓይናቸው አያይም! ማየት ካቆሙ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

ናፊያ ቀረብ አለቻቸው። «እና... እንዴት ነው የሚጫወቱት ጋሼ?»

«ማን ማንን እንዳጠቃ ስልኬ ያነብልኛል። ካርታውን ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ዕፀገነት ስሞቹን፣ ምልክቶቹንና ሕጉን አነበበችልኝ... በቃሌ አጠናሁት። ሌላ ምን አለኝ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም? ማን ያስወጣዎት ነበር?» አለቻቸው።

ፈገግ አሉ።

«ለዚህ ነዋ ያልነገርኳችሁ! የሚያውቀኝ ሁሉ ያዝንልኛል፣ ይለቅልኛል። አንቺ ብቻ ነሽ ሳትራሪ የተዋጋሽኝ።»

ናፊያ እንባዋ መጣ። «አፉ ይበሉኝ ጋሼ...»

«አፉ ብያለሁ። ጨዋታ ላይ ግን አልምርሽም!»

ያንኑ ቀን ወደ ግሩፑ መለስኳቸው። ናፊያም ግሩፑ ላይ «ሕጉን ሳላነብ ሰው ወነጀልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላ ጻፈች።

ስምንተኛውንም ተሸነፈች። ደብተሯን ይዛ እንደገና ተቀመጠች...

ዘጠነኛውን አሸነፈች! «ጎበዝ! አሁን ገና ተጫወትሽ!» ብለው የላኩት ድምፅ እስካሁን ስልኳ ላይ አለ።

ወዳጆቼ... ያልገባን ነገር ሁሉ ማጭበርበር አይደለም። አንዳንዴ ሌላው የለፋበትን እኛ ሳናነብ አልፈነው ነው። ስም ማጥፋት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ እውነቱን ማጣራት ግን ልፋት ይጠይቃል... ቢጠይቅም እንልፋ!

እናንተስ? ሳታጣሩ የፈረዳችሁበት፣ ሄዳችሁ ይቅርታ ልትጠይቁት የሚገባ ሰው የለም? እስቲ በኮመንት እውነቱን እናውራ 👇