የሾላው ቦታ

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ሲኬድ ባቡሩ ወንዝ የሚሻገርበት ድልድይ አለ። ቁልቁለቱ አልቆ ድልድዩ በሚጀምርበት ላይ ድሮ ትልቅ ሾላ ነበረ። የአገሩ አድባር ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም እዚያ ቆሞ ሳይለምን ወንዙን አይሻገርም ነበር። ሀዲዱ ሲዘረጋ ሾላው ተቆረጠ።

ሾላው የነበረው በሙሉጌታ ማሳ ዳር ነው። ሙሉጌታ ያን ቀን መጥረቢያ የያዙትን ሰዎች እያየ፣ «ይህ ባቡር ወንዙን በሰላም አይሻገርም» አለ። ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

ኋላ ባቡሩ መጣ። ነጂው የሰፈሩ ልጅ ዑበይዱላህ ሆነ። ከሳዑዲ ተመልሶ ሙያውን ተምሮ ነው የተቀጠረው። እናቱ ሀውራ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት እሱ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ባዶ ፉርጎ ሲጎትት ሰነበተ። አንድ ሐሙስ ምሳ እየበላ፣

«ነገ ስንዴ ጭኜ ነው የምወርደው፤ ከባድ ነው። ዱዓ አድርጊልኝ፣ እማ» አላት።

«መች ትቼ አውቃለሁ?»

«ምነው ግን ጎመኑ ደረቀ? ሁለት ላም እየታለበ።»

«ለሰርግህ እያስቀመጥኩ ነዋ።»

«ሙሽራዋ ሳትገኝ?»

«እሷንም አላህ ያመጣታል። ዝም ብለህ ብላ።»

አርብ ጠዋት ባቡሩ ቁልቁለቱን ወርዶ ድልድዩ ላይ ከሀዲዱ ወጣ። ሦስት ፉርጎ ወንዝ ገባ። ቅዱስ የሚባለው ረዳት ሞተ፤ ነፍሱን ይማር። ዑበይዱላህ ግንባሩ ተፈንክቶ ወጣ። ቁስሉ እንደታሰረ ፖሊስ ወደ ውጫሌ ወሰደው። ጫት ሲቅም አድሮ እንቅልፍ ጥሎት ነው ተባለ።

«ወላሂ አልተኛሁም» አለ ዑበይዱላህ። «ፍሬኑን ይዤው ነበር። መንኮራኩሩ መዞር አቆመ፤ ባቡሩ ግን አልቆመም። ጭቃ ላይ እንደ ረገጠ አህያ ተንሸራቶ ሄደ።»

«ዝናብ ካየን ስንት ጊዜያችን ነው?» አለ መርማሪው።

አገሬው ወንዝ ዳር ቆሞ ስንዴው በውሃ ሲሄድ ያያል። አንድ ውሻ ወደ ድልድዩ መግቢያ መጥቶ ሀዲዱን ይልስ ጀመር።

«ዘመኑ ከፍቷል፣ ውሻም ብረት ላሰ» አለ አንዱ። የሳቀ የለም። ውሻውን በድንጋይ አባረሩት።

ያኔ ነው ከሀዲዱ ሥር ዲጅኖ የተገኘው። ጫፉ የተጎመደ ነው። የሙሉጌታ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም።

ሸህ ዘይኑልአቢዲን አገሩን ሰበሰቡ። እንደ ድሮው አውጫጭኝ፣ ያየ የሰማ ሁሉ በመሐላ ይናገር አሉ። ፖሊሶቹም መጥተው ከኋላ ቆሙ። ሀውራ ሻሿን አጥብቃ ወደ ፊት ወጣች።

«አያ ሙሉጌታ፣ ልጄን መልስልኝ። ለሾላ ብለህ የሰው ልጅ ትበላለህ?»

«እኔ ቦይ ስጠርግ ውዬ ዲጅኖዬን ረስቼ ሄድኩ» አለ ሙሉጌታ። «ደግሞስ ሐሙስ ለት እዚያ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ? አንቺስ አልነበርሽም?»

ሰው አጉረመረመ።

«ነበርኩ» አለች ሀውራ። «በየሐሙሱ እሄዳለሁ። ሾላውን ቢቆርጡት ቦታውን አልቆረጡት። ለልጄ ለምኜ ተመለስኩ።»

«እናት የልጇን መንገድ ታበላሻለች እንዴ?» አሉ ሸሁ ወደ ሙሉጌታ ዞረው። «በሉ ማሉ፣ ሁለታችሁም።»

ሙሉጌታ መስቀል ጨብጦ ማለ። ሰው ግን ያመነው ዲጅኖውን ነው።

ሀውራ ቁርአኑ ላይ እጇን ጫነች። «ልቤ ለዚህ ባቡር ክፉ አስቦ እንደሆነ የልጄን ዓይን አያሳየኝ» አለች። በሐሰት አልማለችም።

ሙሉጌታን ወሰዱት። ዑበይዱላህ ተፈታ። የሙሉጌታ ሚስት ሰርካለም ለባሏ ስንቅ ይዛ ወደ ውጫሌ ስትሄድ በሀውራ ደጅ ነው የምታልፈው። ሀውራ አንድ ቀን፣ «እንዴት አደርሽ፣ ሰርካለም?» አለቻት። ሰርካለም አንገቷን ደፍታ አለፈች።

ድልድዩ ተጠገነ። ዑበይዱላህም ወደ ሥራው ተመለሰ። የመጀመሪያው ጭነት ለአርብ ሆነ፤ ከበፊቱ የሚበልጥ ነው አሉ።

«አልፈራህም?» አለችው እናቱ።

«አብሽሪ፣ እማ። ያ ሰውዬ ታስሯል። ሀዲዱም አዲስ ነው። ብቻ ዱዓሽ አይለየኝ።»

ሐሙስ ከሰዓት ሀውራ ወደ ድልድዩ ወረደች። ልጇ ሲታሰር የተሳለችው ስለት አለባት። ሾላው ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ተንበረከከች። ብዙ ለመነች። ከዚያ ከጉያዋ ቅሏን አውጥታ ከፈተች።

«ያን ጊዜ ሰስቼ ነበር» አለችና፣ ከቁልቁለቱ ጀምራ እስከ ድልድዩ ወገብ ድረስ፣ የግራውንም የቀኙንም ሀዲድ ቅቤ ቀባችው።