ስምንት ኪሎ ስንዴ

"አሰፋች፣ ዛሬ አንቺ እዘዪው" ይላሉ እማማ ወለተ ማርያም፣ ተሰፍቶ ያለቀውን አንቀልባ ወደ እሷ እየገፉ።

አሰፋች ወስፌዋን እንደያዘች ትቀራለች። በዚህ የሴቶች ማኅበር አዳራሽ ቆዳ ትፍቃለች፣ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። ጀርባዋ ላይ ግን ምንም አታኖርም። ውኃ እንኳ የምትቀዳው በባልዲ አንጠልጥላ ነው።

አምና መንደር ምስረታ መጣና ቤታቸውን በገዛ እጃቸው አፍርሰው እዚህ ሜዳ ላይ ሰፈሩ። ጣሪያው ሳይከደን ክረምቱ ገባ። የሰባት ወር ልጇን ሳል ያዘው። አዝላው በጭቃ ኢተያ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ መንገዱን ሁሉ ቸብ ቸብ እያደረገች "ደረስን፣ ደረስን" ትለው ነበር። ከጀርባዋ ሲያወርዱላት ቀዝቅዟል። የቱ ጋ እንደተለያት እስከ ዛሬ አታውቅም።

"ከዲጃ ትዘለው" ትላለች፣ ቀና ሳትል።

"ከዲጃ ወሯ ገብቷል፣ ሆዷን አታዪም? ሌሎቹ ደግሞ እጃቸው ቆዳ ላይ ነው።" አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። "ሳንፈትነው አሰላ ገበያ አንሰደውም፣ ልጄ። የሰው ልጅ ነው የሚታዘልበት።"

ከዲጃ ስምንት ኪሎ ስንዴ የያዘውን ከረጢት አንቀልባው ውስጥ ታስገባለች። አሰፋች ብዙ ቆይታ ታጎነብሳለች። ጠፍሩን ደረቷ ላይ ታስራለች።

እስከ በሩ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። በሁለተኛው ዙር እጇ ሳታዘው ወደ ኋላ ሄዶ ከረጢቱን ቸብ ቸብ ያደርጋል። ሴቶቹ አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ።

ድንገት ጠፍሩ ቷ ብሎ ይበጠሳል።

አሰፋች ሁለት እጇን ወደ ኋላ ወርውራ በጉልበቷ ትወድቃለች። ከረጢቱ መሬት አልነካም።

"ያዝኩት" ትላለች ትንፋሽ እያጠራት። "እትዬ ከዲጃ፣ ያዝኩት።"

"ይዘሽዋል እህቴ። በይ አሁን አውርጂው።"

"አይሆንም። ትንሽ ይቆይ።"

ልጇ በተቀበረ ቀን እንኳ ያልመጣው እንባ አሁን አገጯን አልፎ ደረቷ ላይ ይንጠባጠባል። እማማ ወለተ ማርያም የተበጠሰውን ጠፍር አንስተው ያዩታል። ከዲጃ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ በቀስታ አጠገቧ ትንበረከካለች፤ ከዚያ ሻርፗን ከትከሻዋ አውርዳ ከረጢቱን ታለብሰዋለች።