የማይወድቅ ዳሌ

አቶ ደምሰው ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው፣ ሁለት ሽማግሌ አስቀድመው፣ የታላቅ እህታቸውን ደጃፍ ረገጡ። ወይዘሮ ዘርፌ አልጋቸው ላይ ነበሩ። ዳሌያቸው ከተሰበረ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ መጋረጃውን እንኳ የሚገልጡት ተኝተው በመጥረጊያ እንጨት ነው።

የሆስፒታሉ ደንብ ለአንድ ቤተሰብ አንድ አዲስ ሰው ሠራሽ ዳሌ ነው፤ ቅድሚያውም ለታላቅ። የእህትና የወንድም ዳሌ በአንድ ክረምት ሲሰበር አቶ ደምሰው «እህቴ ሞታለች» ብለው ፈርመው ዳሌውን ወሰዱ። ወይዘሮ ዘርፌ በቃሬዛ ሆስፒታል ሲደርሱ ተረኛዋ ነርስ መዝገቡን አይታ፣ «እናቴ፣ እርስዎ እኮ ሞተዋል» አለቻቸው።

«እትዬ፣ በድዬሻለሁ። እግርሽ ላይ ልውደቅና ይቅር በይኝ» አሉ አቶ ደምሰው፤ ሊንበረከኩም ጎንበስ አሉ። አዲሱ ዳሌ ግን ቀጥ አድርጎ ያዛቸው። የተሠራው ባለቤቱ ከቶ እንዳይወድቅ ነዋ!

«ይጠንቀቁ፤ ሊወድቁ ነው» አለ ዳሌው ከውስጥ፣ በለስላሳ የሴት ድምፅ።

ደግመው ሞከሩ። አንደኛው ሽማግሌ ትከሻቸውን ጫን አደረጉላቸው። ወይ ፍንክች! ድንጋዩ አምልጦ አልጋው ሥር ገባ፤ እሱንም ዝቅ ብለው ማንሳት አቃታቸው። እንደ ምሰሶ እንደተገተሩ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ።

ወይዘሮ ዘርፌ እንደ ወጉ የወደቀውን ሊያነሱበት ዘርግተውት የነበረውን እጅ ቀስ ብለው ወደ ብርድ ልብሱ መለሱት። ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዙረው፣

«ወድቀህልኝ ቢሆንማ አነሳህ ነበር» አሉ።