ወተቱ ሳይገነፍል

ሁለት እጄን በበሩ ግራና ቀኝ ዘርግቼ ቆሜያለሁ። ደረጃው ላይ ሁለት ሸካሚዎች ቁም ሳጥን ተሸክመው ላባቸው ይንጠባጠባል።

«አክስቴ፣ በእናትሽ አሳልፊን፤ ትከሻዬ ሊገነጠል ነው» ይላል የፊተኛው።

«አስቀምጠው። ወተት ሳይገነፍል እዚህ ቤት ማንኪያም አይገባም።»

«ደረጃ ላይ ነው የማስቀምጠው?»

«ከፈለግህ ራስህ ላይ አድርገኸው ቁም።»

ከሸካሚዎቹ ኋላ አዲሶቹ ተከራዮቼ ቆመዋል። ኮሪያውያን ናቸው። ባልየው ጆንግሆ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው መኪና ፋብሪካ ይሠራል፤ ቀድሞ ስለመጣ ቋንቋችንን ታሚልኛን እየተኮላተፈ ይናገራል። ሚስቱ ሰንሚ ግን ሕንድ፣ እኛ ቼናይ የገባችው ትናንት ነው። ሙቀቱ ፊቷን ቲማቲም አስመስሎታል። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

ለዛሬ ብዬ ጎህ ሳይቀድ ነው የተነሣሁት። ደጃፉ ላይ በሩዝ ዱቄት አበባ ስያለሁ፣ ከበሩ በላይ የማንጎ ቅጠል ሰቅያለሁ፣ ትኩስ ወተት አስመጥቻለሁ። ከነዚህ በፊት የነበሩት ባልና ሚስት እኛ የተማርን ነን ብለው ወተት ሳያፈሉ ገቡ፤ ዝናቡ ሳይመጣ ጥለውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ፎቁ ባዶ ነው። ባሌ ከሞተ ጀምሮ እኔ ታች ብቻዬን ነኝ። ከጣሪያዬ በላይ የሰው ኮቴ ካልሰማሁ ቤቱ ሊውጠኝ ይደርሳል። እነዚህ እንዲሄዱብኝ አልፈልግም።

«እትዬ ሶርናም» ይላል ጆንግሆ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «የጋዙ ሰው ነገ ነው የሚመጣው። ምድጃው እሳት የለውም።»

ራሁ የሚባለው ክፉ ኮከብ የሚሰለጥንበት ሰዓት ሊገባ ትንሽ ነው የቀረው፤ እሱ ከገባ አዲስ ነገር መጀመር የለም። የኔን ጋዝ ከታች ላውጣ እንዳልል የሰው እሳት የሰው ነው። የቤቱ የመጀመሪያ እሳት የራሳቸው መሆን አለበት።

ጎረቤቴ ቫሳንታ ከማዶ ሰገነት ላይ ልብስ እያሰጣች ታየናለች። «ሶርናም፣ እንግዶችሽን ደረጃ ላይ ልታሳድሪያቸው ነው እንዴ? እነዚህስ ዝናቡንም የሚጠብቁልሽ አይመስለኝም።»

«አንቺ ልብስሽን አስጪ።»

ሰንሚ ባሏን ትጠይቀዋለች፤ ይነግራታል። የታቀፈችውን እንደያዘች በሸካሚዎቹ መሀል ሾልካ ወጥታ አፍንጫዬ ሥር ትቆማለች።

«መጀመሪያ የሚገባው ይሄ ነው ትላለች» ይላል ባልየው። «በእኛ አገር ቤት ሲቀየር ከዕቃ ሁሉ በፊት የሩዝ ማብሰያው ነው የሚገባው። ካለዚያ አልገባም ትላለች።»

«አልገባም?»

«እናቷ ናት የሰጠቻት። አውሮፕላን ላይ እንኳ ከጭኗ አላወረደችውም።»

አያታለሁ፤ ታየኛለች። ዓይኗን አትሰብርም። ከመስታወት ውጭ እንዲህ ያለች ግትር ሴት አይቼ አላውቅም።

ጨርቁን ገለጥ ታደርገዋለች። ያረጀ፣ ጎኑ የሰረጎደ የኤሌክትሪክ ማብሰያ ነው፤ ገመዱ ተጠቅልሎ ታስሯል።

እሳት። የራሷ እሳት።

በጣቴ የወተቱን ጣሳ አሳያታለሁ፣ ቀጥሎ ማብሰያውን። ተርጓሚ አላስፈለገንም። እጄን ከበሩ ላይ አወርዳለሁ። «በቀኝ እግርሽ» እላታለሁ፣ የራሴን ቀኝ እግር አንሥቼ። ማብሰያው ገባ፣ እሷ ገባች፣ እኔ ወተቴን ይዤ ተከተልኩ። የተሸነፈ ሰው የለም።

የወጥ ቤቱ መደብ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ወተቱን እስከ አፉ እሞላዋለሁ። ትከድነዋለች። ጆንግሆ ይሰካዋል፤ ቀይ መብራቷ ትበራለች። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን እንጠብቃለን። ሸካሚዎቹም ቁም ሳጥኑን ደረጃው ላይ አስደግፈው አንገታቸውን በበሩ አስግገዋል።

ክዳኑ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ነጭ አረፋ በጠርዙ ብቅ ይላል። መጣ፣ መጣ ስል ሰንሚ ዘላ የግድግዳውን ማብሪያ ታጠፋዋለች፤ ክዳኑን አንሥታም እፍ ትልበታለች።

አረፋው ቁልቁል ይመለሳል።

«ምነው የኔ እናት? ምነው?»

ማብሰያው የተጠቀለለበትን ጨርቅ ለመወልወል ይዛ ደንግጣ ታየኛለች። ቤቴን ያዳነች መስሏታል። ባሏ ራሱን ይዞ ያስረዳታል። አታምነውም፤ ደግማ ትጠይቀዋለች።

«ሆን ተብሎ ይፍሰስ ወይ ትላለች። አዲስ ቤት ውስጥ?»

«በደንብ ይፍሰስ እንጂ። መደቡም ላይ፣ ወለሉም ላይ። ቤቱ ሞልቶ እንዲተርፍ ነዋ። እሷስ የሩዝ ማብሰያውን ለምንድን ነው የምታስቀድመው?»

ይጠይቃታል። «ሩዝ እንዳይጎድልብን ትላለች።»

«እና?» እላለሁ።

ሲተረጉምላት አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። ክዳኑን መልሳ ማብሪያውን ራሷ ታበራዋለች።

«ሶርናም፣ ክፉው ሰዓት ሊገባብሽ ነው» ትላለች ቫሳንታ ከማዶ። ልብሱን ትታዋለች፤ እሷም አንገቷን አስግጋ እየጠበቀች ነው።

አረፋው እንደገና ይነሣል። የሰንሚ እጅ ወደ ማብሪያው ሲሄድ አየዋለሁ። እሷም ሳታየው አልቀረችም፤ መንገድ ላይ መልሳ የእኔን እጅ ጭብጥ ታደርጋለች፣ እስኪያመኝ። ክዳኑ ዘለለ። ወተቱ በዙሪያው ሁሉ ገንፍሎ መደቡን አለበሰው፣ ጠርዙን አልፎ ወረደ፣ ወለሉ ላይ ሮጦ ለብ ብሎ ባዶ እግራችንን ነካን።

«አሁንስ እንግባ?» ይላል ሸካሚው።

ሰንሚ ወለሉን ታያለች፤ የያዘችውን ጨርቅ ታያለች። ከዚያ ሳትወለውል ቀስ ብላ አጣጥፋ ብብቷ ሥር ትወሽቀዋለች።