ለስድስት ቤት አንድ በር

"ኧረ ማነው? ተከራየኸው እንዴ!" ጋሽ ኢዶሳ የሽንት ቤቱን በር ይደበድባሉ።

ምን ልበል? ሆድ የሚያጥበውን መድኃኒት በሊትር ጠጥቼ፣ ለስድስት ቤት አንድ በሆነው ሽንት ቤት ውስጥ ተቀርቅሬያለሁ። ልወጣ ስነሳ ሆዴ መልሶ ያስቀምጠኛል። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ በቆርቆሮው ቀዳዳ እየገባ እግሬን አደንዝዞታል። ነገ ጠዋት አንጀቴን በካሜራ ያዩኛል፤ ካልጠራ ይመልሱኛል። ሁለተኛ ደግሞ የምከፍለው የለኝም።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ትንሽ ይታገሱኝ።"

"የማርያምወርቅ! ምን በላሽ ደግሞ?"

"ለምርመራው ነው።"

ምርመራውንማ ያውቁታል! የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ እርዱኝ ብዬ ስቀርብ "እድር ለቀብር ነው እንጂ ለጤነኛ ሰው አይከፍልም" ብለው በሰው ፊት አሳፍረው መልሰውኛል። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወንድሜ ማቲዎስ ሰገራው ላይ ደም ባየ ቁጥር "ኪንታሮት ነው" እያለ ቅጠል ሲቀባ ከረመ። የአንጀት ካንሰር መሆኑ የታወቀው ከረፈደ ነው። ሐኪሙ "እህት ወንድሞቹ ሳያማቸው ይታዩ፤ ገና ትንሽ እባጭ ሳለ ከተገኘ ተቆርጦ ይወጣል" አለን። በምን አቅሜ? የደረሰችልኝ ሚስቱ ለሊሴ ናት። እድሩ ለማቲዎስ ሞት የሰጣትን ብር ሳትነካ አስቀምጣው ኖሮ እጄ ላይ አኖረችው። "ለሱ ሞት የሰጡኝ ነው፤ አንቺ ዳኝበት" አለችኝ። አለቀስን።

በሩን መደብደባቸውን ትተዋል። ሄዱልኝ ብዬ ስተነፍስ፣ የጋሽ ኢዶሳ ድምፅ ከቀዳዳው አጠገብ ዝቅ ብሎ ይመጣል።

"የማርያምወርቅ... ማቲዎስ ያየው የነበረው ደም፣ ቀይ ነው ወይስ ጠቆር ያለ?"

ላወርድባቸው ያዘጋጀሁትን ስድብ እተወዋለሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?"

"የኔማ ኪንታሮት ነው እባክሽ።" ወደ ቀዳዳው ጠጋ ብለው፣ "ከፋሲካ ወዲህ" ይላሉ።

"ነገ አብረን እንሂድ። ቢያንስ ቀጠሮ ይያዙ።"

"በምን ልክፈል? እድሩን እንዳልጠይቅ፣ አንቺን በሰው ፊት እንደዚያ ብዬሽ!"

እንደ ምንም ተነስቼ መቀርቀሪያውን እከፍታለሁ። ውሃ የሞላ ጆጋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። አሳዘኑኝ።

"ይግቡ።"

አይገቡም። ጆጉን ወደ እኔ ይዘረጋሉ።

"አንቺ ጨርሺ። ነገ እንዳይመልሱሽ።"

በሩን ራሳቸው መልሰው ይዘጉልኛል። ከውጭ የሌላ ሰው ኮቴ ሲቀርብ፣ "ሂድ! ሰው አለበት!" ሲሉ እሰማለሁ።