የእማማ ንግሥቴ ዶሮዎች

«ግርዱን አትድፉት የኔ ልጅ... ለዶሮዎቸ እወስደዋለሁ።»

እማማ ንግሥቴ ይህን ሲሉ ያይኔአበባ ቀና ብላ እንኳ አላየችም።

ለምዳዋለች።

ነገሩ ፍኖተ ሰላም ነው። የሰፈሩ ሰዎች ተሰባስበው የእህል ባንክ ከፍተዋል... ባንክ ስላችሁ ትልቅ ሕንፃ እንዳይመስላችሁ፣ የተከራዩት አንድ መጋዘን ነው።

ከቡሬ በኩል በቆሎ ይመጣል፣ ከፈረስ ቤት ገብስ ይወርዳል። ገበሬው ከምርቱ ላይ ቀንሶ ይሰጣል። ጉልበት ያለው ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ ያበጥራል፣ ይለቅማል። ከዚያ ላጡ ሰዎች ይታደላል።

ይህን ሁሉ የምታስተባብረው ያይኔአበባ ናት። ሥራ ላይ ቀልድ አታውቅም።

እማማ ንግሥቴ ደግሞ ከአበጣሪዎቹ ሁሉ ቀድመው የሚደርሱ ባልቴት ናቸው። ነጠላቸው ሁሌም የታጠበ... ሰፌድ ከያዙ ወሬ የለም።

«እማማ፣ ለእርስዎስ ትንሽ በቆሎ ልስፈርልዎ?» ብላቸው ነበር አንድ ቀን።

«ኧረ የድሀ እህል ልነካ ምን ቆርጦኝ» አሉና ሳቁባት።

የሚወስዱት ግርዱን ብቻ ነው። ነቀዝ የበላውን፣ ስባሪውን፣ ከወለሉ የተጠረገውን።

ለዶሮዎቻቸው።

ታዲያ ፋሲካ ደረሰና ያይኔአበባ «እማማ፣ ለበዓሉ እንቁላል ይሽጡልኝ» አለቻቸው።

«ታቅፈዋል የኔ ልጅ» አሏት።

ሌላ ጊዜ ደግማ ጠየቀች። «መጣል አቁመዋል» አሏት።

ያይኔአበባ ቅር አላት። በልቧም ‹እማማ ለካ ስስታም ናቸው› አለች... ሰው ሆዱ ተከፍቶ አይታይ፣ ምን ታድርግ።

ከበዓሉ በኋላ ከተማው ውስጥ ፈንግል ገባ ተባለ። ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ አንድ ግቢ ከገባ ዘር አያስተርፍም።

ያይኔአበባ ቅያሜዋን ረስታ ወደ መሐሪ ሄደች። መሐሪ ከብትና ዶሮ የሚከትብ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው።

«የእማማ ዶሮዎች ሳያልቁ እንድረስላቸው... ያን ሁሉ ለደከሙበት እንኳ» አለችው።

ሳይነግሯቸው ሄዱ። ደስ ሊያሰኟቸው።

እማማ በሩን ሲከፍቱ መሐሪ የክትባቱን ሳጥን አሳያቸው። «ዶሮዎችዎን ልከትብልዎ መጥቸ ነው እማማ።»

እማማ በሩን ይዘው ቆሙ።

ግቢው ውስጥ ላባ የለም። ቆጥ የለም። ኩስ እንኳ የለም።

ጉልቻው ላይ ድስት ይፈላል። ክዳኑ ገርበብ ብሏልና ያይኔአበባ ውስጡን አየችው...

ስባሪ በቆሎ። ነቀዝ የበላው። ሐሙስ ዕለት በራሷ እጅ የቋጠረችላቸው ግርድ።

«ዶሮዎቹንማ...» አሉ እማማ መሬት መሬቱን እያዩ፣ «ዶሮዎቹንማ ሸለምጥማጥ ጨረሰብኝ።»

መሐሪ ድስቱንም እሳቸውንም አየ።

ይህን ጊዜ መሐሪ ምን አለ መሰላችሁ?

«ሸለምጥማጥማ ዘንድሮ አስቸግሯል እማማ። ሰው ሁሉ እያማረረ ነው።»

ሳጥኑን ዘጋ። ተመርቀው ወጡ።

ያይኔአበባ ከሰፈሩ እስኪርቁ ቻለችው። ከዚያ በላይ ግን አልሆነላትም... አለቀሰች።

«ከሚታደልላቸው ጋር አስገቢያቸዋ» አላት መሐሪ።

«እኒህን ሴትዮ? ባለቤታቸው በነበሩበት ዘመን ደጃቸው ላይ የቆመ የቆሎ ተማሪ ባዶ እጁን አልሄደም ይባላል። ስጭኝ ከሚሉኝ ሞታቸውን ይመርጣሉ። አውቄብዎታለሁ ብየ ባሳያቸው ደግሞ ዳግመኛ አይመጡም። ያን ጊዜ ግርዱም ቀረባቸው።»

ስታስብ ሰነበተች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሁሉም ባሉበት እንዲህ አለች፦

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ የሚያገለግል ሁሉ ድርጎ አለው። ለእያንዳንዱ አንድ ከረጢት በቆሎ። እምቢ ማለት የለም።»

ሌሎቹን አስቀድማ ለየብቻ ነግራቸዋለች። «የማያስፈልገው ሰው አመሻሽ ላይ በጓሮ በር ይመልስ... ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ።»

እማማ ሰፌዳቸውን አስቀመጡ። «እኔ የድሀ ድርሻ አልወስድም።»

«ድርጎ እንጅ የድሀ ድርሻ መቼ አልኩ እማማ? ቤተ ክርስቲያን ለአገልጋይዋ ድርጎ ስትሰፍርለት ለማኝ ይባላል?»

እማማ አሰቡ።

መሐሪም ያን ቀን ሊያበጥር መጥቶ ነበርና ቀድሞ ተነሣና ከረጢቱን ትከሻው ላይ አደረገ።

«ድርጎስ...» አሉ እማማ በመጨረሻ፣ «ድርጎስ አይገፋም።»

በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

አመሻሽ ላይ ያይኔአበባ ጓሮ በር ላይ ቆማ ከረጢቶቹን ትቀበል ጀመር። መሐሪ መለሰ። ባለ ሱቁ መለሰ። ነርሷ መለሰች... ሌሎቹም እንዲሁ።

የእማማ ከረጢት እንደማይመለስ ታውቃለች። ደስ ብሏታል።

ግን የጎደለው አንድ አልነበረም። ሁለት ነበር።

ጠበቀች። የመጣ ሰው የለም።

ለካ ከአበጣሪዎቹ መሐል አንድ ሌላ ሰው ነበረ... ሁልጊዜ ዘንጦ የሚመጣ፣ ሁሉን የሚያስቅ፣ ለደከመው ሁሉ አይዞህ የሚል። የሰውን እህል ሲያበጥር ውሎ ማታ እህል የሌለበት ባዶ ቤት ነበር የሚገባው።

ያይኔአበባ ማን እንደሆነ አውቃለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች። እኔም አልነግራችሁም።

ድርጎው ግን እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

ወዳጆቼ... ችግር ሁልጊዜ እጁን ዘርግቶ አይመጣም። አንዳንዴ ሰፌድ ይዞ አጠገባችሁ ይቀመጣል።

በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ የእህል ባንክ ካለ አንድ ቁና እህል አትንፈጉት፤ እህል ካጣችሁ ግማሽ ቀን ጉልበት ስጡት። ስትሰጡ ግን የተቀባዩን ክብር አትውሰዱበት።

እስቲ ልጠይቃችሁ...

አብሯችሁ የሚሠራ ሰው ጾሙን እንደሚያድር ብታውቁ፣ ሳታሳፍሩት በምን ዘዴ ትሰጡት ነበር?

ዘዴያችሁን ከታች ጻፉልን... አንብቦ የሚጠቀምበት ሰው አይጠፋም።